የጋሽ ታደሰ የመክፈቻ ጸሎት

«ሁላችንም አንድ ነን» የሚል ሊቀመንበር ገጥሟችሁ ያውቃል? ያ «አንድ» ብዙ ጊዜ ራሱ ነው።

በደርግ ዘመን ናይሮቢ የተሰደድን ኢትዮጵያውያን ኢስትሌይ ሰፈር ውስጥ እድር ነበረን። ሊቀመንበራችን ጋሽ ታደሰ በጴንጤነታቸው ታስረው የተሰደዱ ደግ ሰው ናቸው። ታዲያ ስብሰባውን ሁልጊዜ በራሳቸው ጸሎት ይከፍታሉ፤ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሙስሊሞቹ እስኪያበቃ ደጅ ይቆማሉ።

አንድ ቀን ጨርቅ ነጋዴዋ ዘይነባ፣ «ጋሼ፣ ያሰሩዎት ሰዎች ‹እንደኛ ይሁኑ› ብለው አይደል?» አለቻቸው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጋሽ ታደሰ ሁሉም እስኪገባ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁና፣ «እስቲ ዛሬ እያንዳንዳችን በልባችን እንጸልይ» አሉ።

በኋላ ስንጠያየቅ፣ ሁላችንም የጸለይነው አገር ቤት እስር ላይ ለቀሩብን ሰዎች ነበር።