የቢራ ቦታ ያጣው ፍሪጅ

አሁን አሁን ጋዜጣው አዲስ የመጣ ዕቃ ሳያሳየን የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። አስተያየቴን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ አስተያየት ግን አለኝ። በባትሪ የሚሠራው ትንሹ ራዲዮ ደግ ነገር ነው፤ ጉድለቱ ጎረቤትም መግዛቱ ብቻ ነው። የድምፅ መቅጃውም አይከፋም። የገዛ ድምፄን መልሶ ካሰማኝ ወዲህ ሰዎች እኔ ስናገር ለምን እንደሚያንቀላፉ ገብቶኛል። የጣራ ማራገቢያ ግን መሥሪያ ቤታችንን ያስታውሰኛል። ያንኑ ትኩስ አየር ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እያዞረ ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል፤ የሚለወጥ ነገር የለም።

ፍሪጅ ሌላ ነው። የገባውን እንደገባ ያቆያል። በዚህ ጠባዩ እኔን ይመስላል፤ ከኮሌጅ ይዤው የወጣሁት ቂም ዛሬም ትናንት እንደታረደ ሥጋ ነው።

ነገሩ አጭር ነው። ውጭ አገር ሄዶ የመማሩ ዕድል በፈተና ለእኔ ወጥቶ ነበር። በማግስቱ በስሜ ቦታ የአንድ ባለሥልጣን የእህት ልጅ ስም ተገኘ። የሚገርማችሁ፣ ሁለታችንም በአንድ ባቡር ነው የተሳፈርነው። እሱ መርከቡ ወደሚጠብቀው ወደ ጅቡቲ ቀጠለ፤ እኔ በጸሐፊነት ተመድቤ ድሬዳዋ ወረድኩ። በመስኮት እጁን አውለበለበልኝ። ይህንንም አልረሳሁም።

ፍሪጁን የገዛሁት ጓዙን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚገባ ግሪክ ነጋዴ ነው። ሁዳዴና ረመዳን የገጠሙበት ጊዜ ስለነበር ከውሃ በቀር የሚገባበት አልነበረም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሰፈራችን የለገሀሬ ሰው ሲቀዘቅዝለት የዋለውን ጠርሙስ ለመውሰድ በራችን ላይ ይሰለፋል፤ ባለቤቴ አስካለ የቱ ጠርሙስ የማን እንደሆነ አንገቱ ላይ በታሰረው ክር ቀለም ትለያለች። ከሁሉ የበለጠ የተጠቀመችው ግን ግድግዳ የምትጋራን አዴ ዘሀራ ናት። ባሏ የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነው። እሷ የስኳር በሽታ አለባት፤ መርፌው ደግሞ በድሬ ሙቀት ስለሚበላሽ በቆሰለ እግሯ በየቀኑ ሆስፒታል ትመላለስ ነበር። የመድኃኒቱ ብልቃጥ እኛ ቤት ፍሪጅ ከገባ ወዲህ እግሯ መድረቅ ጀመረ።

ፋሲካ አለፈ። በዚያው ሰሞን ያ የእህት ልጅ፣ አሁን የበላይ አለቃችን ሆኖ፣ ቅርንጫፋችንን ሊጎበኝ እንደሚመጣ ተሰማ። አንድ ሰው ወደ አዲስ አበባ አዛውሮ ይመለሳል ተባለ። ምሳውን እኔ ዘንድ እንዲበላ ተወሰነ፤ የትምህርት ቤት ጓደኛው ነኝ፣ ፍሪጅም አለኝ። ጥሬ ሥጋና በረዶ የመሰለ ቢራ ይወዳል አሉ። አዲስ አበባን በዓይኔ አየኋት።

ችግሩ ግልጽ ነው። የእኛ የክርስቲያኖቹ ሥጋና የሙስሊም ጎረቤቶቻችን አፍ የሚነካው ነገር በአንድ መደርደሪያ አይውሉም፤ ቢራውንማ ተዉት። አስካለ ሥጋውን ይዛ ፍሪጁ ፊት ቆማ ዞር ብላ አየችኝ። ወሬው ቀድሞን ኖሮ አዴ ዘሀራም ገባች።

«መርፌዬን ልወስድ ነው» አለች። «ከሥጋችሁ ጋር አላኖረውም፣ ውሸት አልነግርህም። ቅር ግን አይለኝም። ሆስፒታሉ የት ይሄዳል?»

«እግርሽስ?»

«እግሬ የእኔ ነው አቦ። አንተ ሰውዬህን አብላ።»

ሐኪሙ እንደገና በዚያ እግር ከተመላለሰች ሊቆረጥ ይችላል ማለቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሷም ታውቃለች፤ እንደማውቅ ደግሞ ታውቃለች። ብልቃጡን ከእጇ ወስጄ መልሼ አስገባሁና የፍሪጁን በር ዘጋሁ። ጀግና አትበሉኝ፤ ወዲያው ነው የቆጨኝ።

ጌታው መጣ። አስካለ ሥጋውን ጠብሳዋለች፤ ቢራው ሻይ ሆኗል። አንድ ጊዜ ተጎነጨለትና ራሱ ተነሥቶ ፍሪጁን ከፈተ። ባለክር ጠርሙሶች፣ የጎረቤት የግመል ወተት፣ አንድ ብልቃጥ።

«ይኼ ፍሪጅ ነው ወይስ ክሊኒክ?» አለ።

በዚህ መሀል አዴ ዘሀራ ለመርፌዋ ገባች። ሰውየው ላቡን ሲጠርግ አይታ የራሷን ጠርሙስ አውጥታ ቀዳችለት። «ጠጣ አቦ፤ ድሬ ውሃ ነው የምትፈልገው» አለችው። አውሮፓ ደርሶ ከተመለሰ ወዲህ «አንተ» ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ፊቱ ጠቆረ። ውሃውን ግን እስከ መጨረሻው ጠጣው፤ ሲጨርስም ብርጭቆውን ዘረጋላት።

ዝውውሩን ማታ ቀዝቃዛ ቢራ ላቀረበለት ለሒሳብ ሹማችን ሰጠው። እኔን ባቡር ጣቢያ ላይ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አንተ ሕዝቡን ለምደኸዋል፤ እዚሁ ነው የምትጠቅመን» አለኝ። ሁለተኛ ጊዜ በመስኮት እጁን አውለበለበ።

ወሬውን ስነግራት አዴ ዘሀራ «አልሀምዱሊላህ» አለች። ወዲያው ማዘኔ ትዝ አላትና አፏን በሻሿ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። አስካለም አልቻለችም፣ ሳቀች። እኔ ለመናደድ ብዙ ታገልኩ። ለካ ድሬዳዋ ከወረድኩ ጀምሮ፣ መቅረቴ ደስ ያሰኘው ሰው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

የፊተኛውን በደል ይቅር አልልም፤ በቦታው አለ። ለኋለኛው ግን፣ ሰው እንዳይሰማኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እግዜር ይስጠው እላለሁ።