በበርሜል ላይ የቆመው ክበብ

ታሪክ ብዙ ክበብ አይቷል። የእግር ኳስ ክበብ አይቷል፤ የኪነት ክበብ አይቷል። በዚያ በድርቁ ዘመን በሐይቅ ከተማ የተቋቋመውን «የጤና ባለሙያዎችና የችግረኞች በጎ ፈቃድ ደጋፊ ክበብ» የመሰለ፣ ስሙን ጠርቶ መጨረስ ራሱ በጎ ፈቃድ የሚጠይቅ ክበብ ግን ከዚያ በፊት አልታየም፤ አላህ ካለ ከእንግዲህም አይታይም። እኔ በክበቡ የጭብጨባ ክፍል ኃላፊ ነበርሁ። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን ቀድሞ ማጨብጨብ ያስጠረጥራል፤ ዘግይቶ ማጨብጨብ ደግሞ የባሰ ነገር ያመጣል። ስለዚህ የምነግራችሁን የመንደር ወሬ ነው ብላችሁ እንዳትንቁብኝ።

ሊቀ መንበራችን ጓድ ፈንታሁን ነበሩ። ምቀኞች ከአብዮቱ በፊት የከብት ደላላ ነበሩ ይላሉ። ይሁኑ! ድምፃቸው የተገራው እዚያው ገበያ ውስጥ ነው። ከሲታውን በሬ ሰንጋ ነው ብሎ ያሳመነ ሰው ሰፊውን ሕዝብ ለማሳመን ምን ይቸግረዋል? አባላቱም ቢሆኑ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። በጎ ፈቃዱን ያልገለጸ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም ተብሎ በተነገረ ማግስት ከተማው በሙሉ ተሰልፎ ተመዘገበ። ሕዝባችን ምን ያህል ደግ እንደሆነ ያን ቀን አወቅን።

መቼም ችግር ከሌለ ክበብ የለም፤ ችግር ደግሞ በያይነቱ ነበረን። ዝናቡ አምባሰልን ከረሳ ቆይቷል። ሰዉ ከየተራራው እየወረደ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ድንኳንና ቆርቆሮ በተቀጣጠለበት መጠለያ ውስጥ ተከማቸ። ከዚያ ተቅማጥ ገባ። ይህን ሁሉ ሰው የምታክመው አንዲት ነርስ ናት፤ ሲስተር ወይኒቱ። የደሴ ልጅ ናት። ቀጭን፣ ነገር የማታበዛ፣ ስትናደድ ድምጿ ከፍ እንደማለት ይበልጥ ዝቅ የሚል። መጠለያው ከእሷ ሌላ የነበረው ሀብት ጥቂት በርሜል ነው። በበርሜሉ ውሃ ይፈላል፤ ሲበርድ በጨውና በስኳር ይበጠበጥና ሕፃናቱ ይጠጡታል። ሐይቁማ ቅርብ ነው፤ ከድንኳኑ ደጃፍ ሆኖ ይታያል። ግን ውሃው በእግሩ አይመጣም፣ ሳይፈላም ቢጠጡት ይገድላል።

ክበባችን ሥራውን የጀመረው የባለሙያዋን ችግር በቦታው ተገኝቶ በማጥናት ነው። ጓድ ፈንታሁን ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ሄድን።

«ጓድ ሲስተር፣ ምን ጎደለሽ?» አሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው።

«ውሃ የሚቀዳልኝና እንጨት የሚለቅምልኝ ሰው።»

«ጥሩ። ከውሃና ከእንጨት ሌላስ?»

«ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«አያችሁ ጓዶች!» አሉ ወደ እኛ ዞረው። «ምንም አልፈልግም አለች! ይህ ነው ቆራጥነት!»

አጨበጨብን። ሲስተር ወይኒቱ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ ስለነበር አልሰማነውም።

ያን ጊዜ ዘሀራ የምትባል ሴት ከአምባሰል ቆላ መጥታ በድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ ነበር። ልጇ ስህን ጭኗ ላይ ተኝታለች። ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ዘሀራ የሲስተርን ነጠላ ጫፍ ይዛ «እቴዋ፣ ይቺው ናት የቀረችኝ» ትላለች። ሌላ ነገር አትልም። ይህችኑ ብቻ ደጋግማ ትላለች።

ክበቡ በተከታዩ ስብሰባ ከብዙ ክርክር በኋላ ታላቅ ውሳኔ ላይ ደረሰ፤ ባለሙያዋ በሕዝብ ፊት ትመሰገን! ማመስገን ደግሞ መድረክ ይፈልጋል። መሬት ላይ ቆሞ ማመስገን ተመስጋኙን ማዋረድ ነው ተባለ። ሳንቃ ተገኘ፤ ሳንቃውን የሚሸከም ነገር ታጣ። ኧረ ምን ይሻላል ተብሎ ሲታሰብ በርሜሎቹ ትዝ አሉን። የመፈክሩ ጨርቅም ግራና ቀኝ የሚይዘው እንጨት አልነበረውም፤ ለእሱ ደግሞ የመጠለያው ቃሬዛ ረጃጅም እንጨቶች ልክ ሆነው ተገኙ። አገር ሀብት አላት፤ አስተዋይ ነው የጎደላት።

በርሜል ሊረከቡ ከሄዱት አንዱ እኔ ነበርሁ። ሲስተር ወይኒቱ ከበርሜሉ ፊት ቆመች።

«ይህን ከወሰዳችሁ ልጆቹ ምን ይጠጣሉ?»

«ሲስተር፣ ለአንቺው ክብር እኮ ነው!» አሉ ጓድ ፈንታሁን።

«ልጆቹስ?»

«እነሱም ተጋብዘዋል።»

ውሃው ተደፋ፤ በርሜሉ ተንከባለለ። ያቺ ዘሀራ ድንኳኑ ውስጥ ሆና የተደፋውን ውሃ መሬቱ ሲጠጣው እያየች «ያ ረቢ!» አለች። እኔም ኃላፊነት ነውና በርሜሌን ማንከባለሌን ቀጠልሁ።

በዚያው ቀን አያ አብደላን ለበዓሉ እንድጠራ ተላክሁ። አያ አብደላ የቂሬ ዳኛ ናቸው። ወሎ ላልኖረ ሰው እንዲገባው ልናገር፤ ሰው የሞተ እንደሆነ እስላም ክርስቲያን ሳይባል አገሩን ጠርቶ የሚያስቀብር፣ ለቅሶ ቤቱም እንጨትና ውሃ እንዳያጣ የሚያደርግ ማኅበር ነው ቂሬ። ሊቀ መንበር አለው፣ ዳኛ ይባላል፤ መድረክ ግን የለውም። ጓድ ፈንታሁን በዚህ ምክንያት «ኋላ ቀር» ይሉታል። እደጃቸው ስደርስ ሲስተር ወይኒቱ ቀድማኝ ነበር።

«አያ አብደላ፣ ያቺ ልጅ ነገ ብትሞት ቂሬው ምን ያመጣል?» ትላለች።

«ምን ጥያቄ ነው ልጄ? ወንዱ እንጨት ይፈልጣል፤ ሴቱ ውሃ ይቀዳል።»

«እንግዲያው ዛሬ አምጡልኝ። ዛሬ ካመጣችሁት አትሞትም።»

አያ አብደላ መቁጠሪያቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። «ልጄ፣ ቂሬ ላልሞተ ሰው አይጠራም። አባቶቻችን እንዲያ ነው የሰጡን። ክበቡም ከበዓሉ በፊት ሌላ ጥሪ ክልክል ነው ብሎናል። ሰው የሞተ እንደሁ ብቻ ነው የማይከለክሉን።»

«ስለዚህ እስክትሞት ልጠብቅ?»

አያ አብደላ ወደ ቤት ሊገቡ ተነሡ። እኔም የበዓሉን ጥሪ ነገርኋቸውና ተመለስሁ።

የበዓሉ ዕለት ገበያው ቦታ በሰው ሞላ። ስኳር የሚወድ ሁሉ መጥቷል። «ባለሙያችንን በተግባር እንደግፋለን!» የሚለው መፈክር በቃሬዛው እንጨት ላይ ተወጥሯል። አዝማሪው የአምባሰልን ዜማ ሊጫወት ሲል ጓድ ፈንታሁን «አምባሰሉ ይሁን፣ ነገር ግን ሆድ እንዳያባባ» ብለው አስጠነቀቁት። ምስኪኑ ማሲንቆውን ይዞ ግራ እንደተጋባ ቀረ። ሲስተር ወይኒቱ የወረቀት አበባ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎላት መድረኩ ላይ ተቀምጣለች። ዘሀራ ከሲስተር አልለይም ብላ ልጇን ይዛ ከመድረኩ ሥር ተቀምጣለች። ስህን ማልቀስ ትታለች። ሲስተር ዓይኗን ከልጅቱ አልነቀለችም፤ ሕፃን ሲያለቅስ ተስፋ አለው፣ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው።

ጓድ ፈንታሁን ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጓዶች! የጤና ባለሙያ ብቻዋን አይደለችም! ከጎኗ እኛ አለን! ከሥሯም እኛ አለን!»

አጨበጨብን። መቼም ከሥሯ የነበሩት በርሜሎቹ ናቸው፤ ንግግር ነውና አለፍነው።

«ጓዶች! ተቅማጥን አንፈራውም! ችግርን በእግራችን እንዲህ እንረግጠዋለን!» ብለው መድረኩን በኃይል ረገጡት።

ችግር ሲረገጥ ዝም አይልም። በርሜሉ ተንከባለለ፤ ሳንቃው ተነሣ፤ ጓድ ፈንታሁን በአየር ላይ ትንሽ ቆይተው ወረዱ። እግራቸው ቋ አለ። ጭንቅላታቸውም ከሌላው በርሜል ጋር ተገናኘና ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ። እኔ እንዲህ ባለ ሰዓትም ኃላፊነቴን የምዘነጋ ሰው አይደለሁም። አጨበጨብሁ። ሕዝቡም ተከተለኝ።

ሲስተር ወይኒቱ ዘላ ወርዳ ደረታቸውን አዳመጠች፤ የዓይናቸውን ቆብ ገልጣ አየች። አያ አብደላ ከሰዉ መሀል መጥተው አጠገቧ ተንበረከኩ።

«ሞተ?»

ሲስተር ጓድ ፈንታሁንን አየቻቸው። ስህንን አየቻት። የወረቀቱን አበባ ከአንገቷ አወጣችና በዚያ በዝቅተኛው ድምጿ፦

«ለቂሬ ያህል ሞቷል» አለች።

አያ አብደላ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ተነሥተው የፈረሰው መድረክ ላይ ወጡና «ጓድ ፈንታሁን! ጓድ ፈንታሁን! አገር ሆይ ስማ፣ ቂሬ ነው! ለቅሶው መጠለያው ዘንድ ነው!» ብለው ተጣሩ።

ወገኖቼ፣ የዚያን ጊዜውን ነገር ባያችሁት! ክበባችን ስኳር ይዞ ያልቀሰቀሰው ሕዝብ በአንድ ጥሪ ተነቃነቀ። ወንዱ መጥረቢያውን ሊያመጣ ሮጠ። በርበሬ ነጋዴዋ ኡሙሰልማ፣ ምላሷም እንደ ንግዷ የሆነችው፣ «ሴቶች፣ እንስራ! ምን ታያላችሁ?» ብላ ሴቱን በሙሉ ወደ ሐይቁ ነዳችው። መፈክሩ ወርዶ ከእነእንጨቱ ወደ ቃሬዛነቱ ተመለሰና ጓድ ፈንታሁን «በተግባር እንደግፋለን» በሚለው ላይ ተጋድመው መጠለያው ገቡ። በርሜሎቹም ተንከባልለው ተከተሏቸው። ለክብር እንግዶች ሻይ የተቀመጠው የክበቡ ስኳር ለለቅሶው ተብሎ ወጣ። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ በርሜሉ ሁሉ ይንተከተክ ነበር።

ሲስተር ውሃውን አብርዳ በጠበጠችው። ዘሀራ በማንኪያ ታጠጣለች፤ ልጅቱ ትመልሰዋለች፤ ደግማ ታጠጣለች። ብዙ ጠበቅን። እኔ እንኳ እጄን ምን ላድርገው ብዬ ቸግሮኝ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ ስህን ፊቷን አጨማደደችና አለቀሰች። እንዴት ያለ ለቅሶ መሰላችሁ! ዘሀራ «አልሐምዱሊላህ» ብላ መሬት ሳመች። ሲስተር ወይኒቱ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙራ እሷም አለቀሰች።

በዚህ መሀል ሟቹ ነቁ።

«ምንድን ነው ይህ ሁሉ ጩኸት? ማን ሞተ?»

«አንቱ ኖት» አለቻቸው ኡሙሰልማ፣ እንስራዋን እያወረደች።

«እኔ?»

«አብሽሩ። ለቅሶው ደምቆሎታል።»

«ኧረ ሴትዮ፣ በሕይወት አለሁ! ውሃ ስጡኝ!»

«ሬሳ ውሃ ሲለምን የት ታየ? ደሞም ልጆቹ ይቅደሙ። ከበረደ የእርስዎም ይደርሳል።»

ጓድ ፈንታሁን ድምፃቸውን ሊያነሡ ደረታቸውን ነፉ። ሲስተር ወይኒቱ እግራቸውን በሁለት ስንጣቂ እንጨት እያሰረች ጎንበስ አለችባቸው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይናገሩ። ሰዉ አለመሞትዎን ከሰማ እንጨቱን ይዞ ይሄድብኛል።»

እሳቸውም ልጆቹን አዩ፤ እግራቸው ሲጠዘጥዛቸው ደግሞ ነርሷን አዩ። ከዚያ የተሸፈኑበትን ጋቢ ፊታቸው ላይ ሳቡት። ክበባችን ከተቋቋመ ወዲህ ለጤና የተሰጠ የመጀመሪያው አገልግሎት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በማግስቱ መቼም አለመሞታቸውን ያልሰማ አልነበረም። ጓድ ፈንታሁን ሲያስነጥሱ የሰማ ሁሉ ወሬውን አሰራጨው። አያ አብደላ ግን «ቂሬ አንዴ ከተጠራ ሳልስቱ ሳይወጣ አይፈታም። የአባቶቻችን ደንብ ነው» አሉ፣ ያንኑ መቁጠሪያቸውን እያገላበጡ። ከደንብ ጋር ማን ይሟገታል? ሰዉ እየሳቀም ቢሆን እንጨቱን ተሸክሞ፣ ውሃውን ቀድቶ መጣ። ሳልስቱ በወጣ ጊዜ ስህን ቁጭ ብላ አጥሚት ትጠጣ ነበር።

ጥቂት ሰንብቶ ክበቡ ለግምገማ ተሰበሰበ። ጓድ ፈንታሁን በምርኩዝ መጡ፤ ድምፃቸው ተመልሶላቸዋል። በእሳቸው ቆራጥ አመራር ክበቡ ለመጠለያው እንጨትና ውሃ በገፍ ማቅረቡን፣ ሕፃናትን ከሞት አፋፍ መመለሱን፣ ይህም በአውራጃችን ታይቶ እንደማይታወቅ አብራሩ። አጨበጨብን። ከዚያ «ሂስ ያለው ጓድ?» አሉ፣ ማንም ሂስ እንደማይኖረው እንደሚያውቅ ሰው።

ኡሙሰልማ እጇን አወጣች።

«ሂስ የለኝም፣ ልመና ነው ያለኝ» አለች። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ነፍሶት ውስጥዎ ሳለ አንድ እንስራ ውሃ አላመጡልንም። ሞተው ግን አገሩን አጠጡት። አሁን ከአምባሰል ሌላ ሰው ወርዷል፤ እንጨቱም አልቋል። ሲስተርም ትናንት ስትለምን ነበር። ስለዚህ በአላህ ይሁንብዎ፣ ያንን ነገር አንድ ጊዜ ይድገሙልን።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እንግዲህ ምን ላድርግ? የጭብጨባ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ አጨበጨብሁ።