ሚስቴን ከኮሮና ያዳንኳት እኔ አይደለሁም

ወገኖቼ፣ ዛሬ በእድር ስብሰባ ላይ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ሽማግሌው ጃጀ ትላላችሁ!

ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። የምጽፈው በአንድ ጣት ነው፤ ትምህርቴም ከፊደል ብዙ አላለፈም። ታገሡኝ።

ኮሮና ከገባ ወዲህ ማንንም ማመን ትቼ ነበር። ቴሌቪዥኑን አላምንም። ጤና ጣቢያውን አላምንም። ስልክ ስደውል ከሰው ቀድማ «እጅዎን ይታጠቡ» የምትለዋን ሴትዮማ ጭራሽ! አንዳንዴ መልስ ሁሉ እሰጣት ነበር።

ያመንኩት ማንን መሰላችሁ?

በቴሌግራም የመጣ ድምፅ! «ዶክተር ነኝ» ይላል። የምን ዶክተር? የየት አገር? አልጠየቅኩም። ድምፁ ጎርነን ያለ ነበር፤ እሱ በቃኝ። «ክትባቱን እንዳትነኩ» አለ፤ እኔም ለሰበታ ሰው ሁሉ ሼር አደረግኩ።

ባለፈው ወር ባለቤቴ ወርቄ ከገበያ እንደተመለሰች ትኩሳት ያዛት። ስኳር አለባት፤ ደነገጥኩ። ክንዷን ማንሳት እንኳ አቃታት። ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፌ፣ አሽቼ ጨምቄ አጠጣኋት፤ ገላዋንም ቀባኋት። አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጸለይኩ።

በነጋታው ድና ተነሳች!

ከዚያማ ማን ይቻለኝ! ኮሮናን በዳማከሴ አዳንኩ ብዬ አወራሁ። ከቡራዩ ሳይቀር ሰው እየመጣ ቅጠል ወሰደ። ጓሮዬ ተመለጠ።

ዛሬ የተሰበሰብነው ጤና ጣቢያው የእድሩን ድንኳን ለክትባት አውሱን ስላለ ነው። አጠገቤ ኦቦ ጉታ ተቀምጧል። የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ አስም አለበት፤ ሲተነፍስ ያፏጫል። «አንተ አትከተብ ካልከኝ አልከተብም» ብሎኛል።

ተነሳሁ። «ድንኳኑ የተገዛው ለለቅሶ ነው! እኔ ባለቤቴን ያለ መርፌ ነው ያዳንኳት! ይኸው፣ ራሷን ጠይቋት!»

ወርቄ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ ተከትቤ ነው ያተኮሰኝ!»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እሷ ቀጠለች።

«የዚያን ዕለት ገበያ አልሄድኩም፤ ጤና ጣቢያ ነበርኩ። ነርሷ ‹ትንሽ ያተኩስሻል፣ ክንድሽንም ያምሻል፣ ከዚያ ይተውሻል› አለችኝ። ተወኝ። ብነግርህማ ያን ዶክተርህን ትከፍትብኝ ነበር!»

የሳቁን ነገር ተዉት። የእድሩ ዳኛ እንኳ መነጽሩን አውልቆ እንባውን ጠረገ። አንዱ ከኋላ «ኦቦ በቀለ፣ ታዲያ እኔን ያን ሁሉ መራራ ያጠጡኝ ለምንድነው?» አለ። መግቢያ አጣሁ!

ኦቦ ጉታ ብቻ አልሳቀም። እጄን ያዘና «ኤጋ፣ እንግዲህ አሁንስ ምን ትለኛለህ?» አለኝ።

ያኔ ነው በእውነት ያፈርኩት። የዚህ ሰው ትንፋሽ ለካ በእኔ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል።

«ተነስ እንሂድ። እኔ እቀድማለሁ» አልኩት።

ከስብሰባው በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄድን። ወንበሩ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ «ኡኡ!» አልኩ። ነርሷ «አባባ፣ ገና አልወጋሁዎትም እኮ!» አለችኝ። ጉታ ሳቁ አስሙን እስኪቀሰቅስበት ሳቀ። ከዚያ እሱም እጅጌውን ሰበሰበ።

ድንኳኑንም እድሩ ፈቀደ።

ወርቄን ዋሸችኝ ብዬ ልቀየማት ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ያንን ሁሉ ወሬዬን ችላ፣ ተደብቃ ሄዳ ራሷን ያተረፈች ሴት ናት። ባትሄድስ ኖሮ? ተመስገን ከማለት በቀር ምን እላለሁ!

እስቲ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፤ ፊቱን አይቶት የማያውቀውን ሰው አምኖ፣ ዕድሜ ልኩን አብራው የኖረች ሚስቱን ተደብቃ እንድትከተብ ያደረገ ሰው ምን ይባላል?

ስድቡን ግን ቀለል አድርጉት፤ ክንዴን እያመመኝ ነው።