የእንጨት ሙሽራ ከኤውማሮስ ቤት እንደ ወጣች

ክሊታ በፕላታያ ከተማ ለሴት አምላክ፣ ለጋብቻ ንግሥት ለሄራ ካህን በሆነች በሦስተኛው ዓመት፣ ወይን በሚረገጥበት ወር፣ በገበያ ቀን፣ ከምንጩ አጠገብ፣ ባለ ብዙ አሳማው፣ ባለ ሰፊ ጉሮሮው ኤውማሮስ ጀግናውን ሳሚኮስን ሰደበ። ይህም እንዳይረሳ ተጻፈ፤ የጻፉትም ሳሚኮስ ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ ማን ይጽፍላቸዋል?

የስድቡ ነገር እንዲህ ነው። ሳሚኮስ ንጹሕ ካባ ከጎረቤት ተውሰው፣ የኤውማሮስን ልጅ ሚካን ለማግባት ሽማግሌ ላኩ፤ ሽማግሌውም ራሳቸው ነበሩ፣ ሌላ የሚሄድላቸው ጠፍቶ። ኤውማሮስም አይቡን እያላመጠ፣ ውኃ ቀጂዎቹ ሁሉ እየሰሙ፣ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ስማ አንተ ሳሚኮስ! ከእኔ ቤት ላንተ የምትወጣ ሙሽራ ከእንጨት የተጠረበች ናት! እሱም እሷ እሺ ካለች ነው!»

ሴቶቹ እንስራቸውን አስቀምጠው ሳቁ። አንዷማ ሁለት ጊዜ ሳቀች፤ ማን እንደ ሆነች ይታወቃል። ሚካ ለታናግራ ሰው ተዳረች፤ ስድቡ ግን ከሳሚኮስ ጋር ቀረ፤ አብሯቸው በላ፣ አብሯቸው ተኛ።

ክሊታም በካህንነቷ በከበረች በዘጠነኛው ዓመት የእንጨት ሙሽራዋ በዓል ደረሰ። ሄራ ባሏን ዜኡስን አኩርፋ ወደ ኪታይሮን ተራራ እንደ ሸሸች፣ እሱም ግንድ እንደ ሙሽራ አልብሶ «ሌላ ላገባ ነው» ብሎ እንዳስወራ፣ እሷም እየበረረች መጥታ የሙሽራዋን ዓይነ ርግብ ስትገፍፍ እንጨት አግኝታ፣ ስቃ እንደ ታረቀች ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። የሙሽራዋን ግንድ የሚመርጠው ግን ቁራ ነው። ባሉጥ የሚባለው ትልቅ ዛፍ በሞላበት ዱር የተቀቀለ ሥጋ ይቀመጣል፤ ሥጋውን የነጠቀ ቁራ ያረፈበት ዛፍ፣ የማንም ይሁን የማን፣ የሄራ ነው፤ ዛፉን አይቶ የመሰከረ ሰውም አገር እያየው የሙሽራዋን ሠረገላ ይነዳል። ሳሚኮስም ያን ሠረገላ በምንጩ አጠገብ አሳልፈው፣ ያን ሳቅ ከጆሯቸው ሊያወጡ በልባቸው ማሉ።

ስለዚህ ስድብ የማይረሱት፣ ለማንም የማይሰግዱት፣ ጫማቸው በገመድ የታሰረው ሳሚኮስ ዘመቱ። በቀኛቸው ከቁራ ጋር ጠብ የሌለው ውሻቸው ላምፖስ፣ በግራቸው የሥጋው ሽታ የጠራው፣ የካባው ባለቤት ጎረቤታቸው፣ በስተኋላቸውም ማንም ያልጠራት የጎረቤታቸው ፍየል ተሰለፉ። ክሊታም ከዱሩ አፍ ላይ ቆማ እንዲህ አወጀች፦

«ውሻ ያለው ውሻውን ይያዝ! ማስነጠስ የመጣበት አፍንጫውን ይያዝ! ሥጋውን የነካ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከሄራ ጋር ይተዋወቃል!»

ቁራዎቹ መጡ፤ ከቅርንጫፍ ላይ ሆነው ሥጋውን ናቁት። ፀሐይዋ ከረረች። ኤውማሮስ ዝምታ የማይሆንለት ሰው ነውና ከወዲያ ማዶ ጮኸ፦

«ሳሚኮስ፣ ዞር በልላቸው እንጂ! ቁራ ከዘመዱ ሥጋ አይሻማም!»

ዱሩ ሳቀ። ሳሚኮስ ዋጡት፤ የለመዱት ምግብ ነው። በዚያች ቅጽበት አንድ ቁራ ወርዶ ትልቁን አጥንት ከነሥጋው ነጥቆ ተነሣ፤ ሕዝቡም ወደ ላይ እያየ ወደፊት ሮጠ። የሳሚኮስን ካባ እሾህ ማረከው፤ አንድ ጫማቸውን ጭቃ ማረከው፤ ላምፖስ ፍየሏን ተከትሎ ከዳ። ኤውማሮስም ቀደመና ጉሮሮውን ከፈተ፦

«አየሁት! አገር ይስማ፣ ሠረገላው የኔ ነው! ያው አረፈ፣ ከአሳማ በረቱ በላይ ካለው ከትልቁ...»

እዚያ ላይ ድምፁ ተሰበረ። በረቱ የራሱ ነበር፤ ዛፉም አያቱ የተከለው፣ አሳማዎቹ ፍሬውን እየበሉ የሚሰቡበት ባሉጥ ነበር።

«አላየሁም! ፀሐይዋ ናት! ደግሞ ቁራም አይደለም፣ የጠቆረ ርግብ ነው!»

ርግቡም አጥንቱን ከአናቱ ላይ ጣለበት።

ክሊታ ደርሳ «ያየ ይናገር!» ብላ አወጀች። ሕዝቡ ገና በእሾሁና በጭቃው ውስጥ ነበርና፣ ከሳሚኮስ በቀር በቅርብ ማንም አልነበረም። ኤውማሮስ አናቱን እያሻሸ ወደ ጆሯቸው ተጠጋ፦ «ሳሚኮስ ወንድሜ፣ ምን አለበት ዝም ብትል? እርጉዟን አሳማ ውሰዳት። በሰማይ ይዤሃለሁ፣ የአያቴ ዛፍ ነው!»

አሳማ ለሌለው ሰው እርጉዝ አሳማ ቀላል ነገር አይደለችም። ሳሚኮስ አሰቡ፤ እውነት ለመናገር ትንሽ ቆዩም። ከዚያ በአንድ እግራቸው ጫማ ከድንጋይ ላይ ወጥተው አወጁ፦

«ሰው ሁሉ ስማ! እኔ ሳሚኮስ አይቻለሁ! ቁራው ከኤውማሮስ ዛፍ ላይ ነው! ሙሽራዋ ከኤውማሮስ ቤት ትወጣለች፣ ያውም ከእንጨት የተጠረበች!»

መጀመሪያ የሳቁት የምንጩ ሴቶች ናቸው፤ ቃሉን አልረሱትምና። ሁለት ጊዜ ስቃ የነበረችውም ሳቀች፤ ሳቋ ተመረመረ፤ በኤውማሮስ ላይ መሆኑ ታወቀ፤ ምሕረት ተደረገላት።

ባሉጡ ተቆረጠ፤ ሙሽራዋ ተጠረበች፤ በአሶፖስ ወንዝ ታጠበች፤ ዓይነ ርግብ ለበሰች። ከኤውማሮስ ደጅ ስትወጣም ሠረገላዋን የነዱት በሬ ገሪው፣ ዓይነ ስሉ፣ የቁራ ምስክሩ ሳሚኮስ ነበሩ፤ በምንጩ አጠገብም ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው አለፉ። በኪታይሮን ራስ ላይ ክሊታ በሄራ ፈንታ ዓይነ ርግቡን ገፈፈችው፤ እንጨቱን አይታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ተራራው ሁሉ ሳቀ። ሙሽራዋም እንደ ወጉ ተቃጠለች፤ ጠዋት ሙሽራ የነዱት ሳሚኮስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሚስቱን እንደ ቀበረ ሰው አመድ አራገፉ።

ያን ጊዜ ኤውማሮስ ፊቱ ጥቀርሻ ለብሶ፣ ጽዋ ይዞ መጣ፦

«አማቼ! በቃ ተሸነፍኩ። በል ጠጣ። ሄራ እንኳ ትታረቃለች፣ አንተ ከሄራ ትበልጣለህ? ኧረ አንድ ቃል ተናገር! ስደበኝ፣ እሱም ይሻለኛል!»

ኦ ሳሚኮስ፣ ያለ ጦር የዘመቱ፣ ያለ ጥሎሽ ያገቡ፣ በአንድ ጫማ አገር ያስከተሉ! ለዚህ ሰው የሚሆን መልስ ስንት ክረምት በምላስዎ ስር ሲሳል ኖረ! ነገሥታት ከተማ ይዘዋል፤ እንዲህ ያለውን መልስ በአፉ ይዞ የቻለ ግን ማን አለ?

ሳሚኮስም ጽዋውን አዩ፤ ኤውማሮስን አዩ፤ የበሬ መንጃቸውን አነሡ፤ ሳይመልሱም ተራራውን ወረዱ።