ክቡር አቶ ላቀው፣ የመስመሩ ባላደራ

በየቤቱ አንድ «አጥፉት!» ባይ አይጠፋም። ሰው ከክፍሉ እግሩን ሳያወጣ አምፖሉን ያጠፋል፣ ቧንቧ ጠብ ባለ ቁጥር ከእንቅልፉ ይባንናል፣ ራዲዮኑ ለማን እንደሚያወራ ይጠይቃል። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ሰውየው እናንተው ናችሁ።

የብስራተ ገብርኤሉ አቶ ላቀው ግን ተራ አጥፊ አልነበሩም። በ1991 ዓ.ም.፣ ኢንተርኔት በስልክ ሽቦ እየጮኸ ይገባ በነበረበት ጊዜ፣ ከሰፈሩ ሰው ቀድመው ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ትልቁ ልጃቸው ራጉኤል ኮምፒውተር ሊማር ሕንድ ሄዷል። በወር የምትፈቀደው ሰዓት ደግሞ ትንሽ ናት፤ ካለቀች አዲስ ወር እስኪብት ከራጉኤል ወሬ የለም። ስለዚህ ክቡርነታቸው የመስመሩ ባላደራ ሆነው ራሳቸውን ሾሙ።

ጡረታ እስኪወጡ ሥራቸው ቴሌግራም መቀበል ስለነበር፣ ሰው ሲያወራ ትርፍ ቃሉ ይታያቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለሚቱ ደብዳቤ ሲያስጽፉ አጠገብ ይቆማሉ።

«ራጉዬ፣ እንደምን ሰነበትክልኝ፤ እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር...»

«ናፍቆቱን ያውቀዋል። ወደ ጉዳዩ ግቢ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ጉዳዩ እኮ ናፍቆቱ ነው!»

ጸሐፊዋ ታናሿ ልጅ ሲና ነበረች። የሲና ፍቅር ግን የመኪና እሽቅድምድም ጌም ነው። ድሮ ከራጉኤል ጋር እየተፎካከሩ ይጫወቱት ነበር፤ አሁን ብቻዋን ትነዳለች። አባቷ ደግሞ ጌም ኢንተርኔት ይጠጣል ብለው ቆርጠዋል።

«ይቺ መኪና በማን ሰዓት ነው የምትበረው?»

«አባዬ፣ ጌሙ እዚሁ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው ያለው። መስመሩን አይነካም።»

«አይነካም? ነዳጁን ከየት አባቷ ታመጣዋለች? አጥፊው!»

አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የስልኩን ሽቦ ነቅለው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። ሲመለሱ ሲና ትነዳለች። ኪሳቸውን ዳሰሱ። መኪናዋን አዩ። እንደገና ኪሳቸውን ዳሰሱ።

«የተጠራቀመ ይኖራል» አሉ።

በወሩ ማለቂያ ላይ ሲና መስመሩን ስትከፍት የራጉኤል አጭር ደብዳቤ ቀድማ ገባች። ለሲና አዲስ የእሽቅድምድም መንገድ ሠርቶ ልኮላታል፤ የሚልክበት የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ሊዘጋ ስለሆነ ቶሎ ተቀበይኝ ይላል። ከኋላ ጌሙ መውረድ ጀመረ፤ አወራረዱ የኤሊ ነው።

«ምንድነው የሚወርደው?» አሉ አቶ ላቀው።

«ጌም ነው አባዬ። ራጉኤል ራሱ የሠራው።»

«የቀረችንን ሰዓት ይጨርሳታል?»

መዋሸት አማራት፤ ግን አልዋሸችም። «ይጨርሳታል» አለች።

እጃቸው ወደ ሽቦው ሄደ። ሲና ዓይኗን ጨፈነች። ይኼኔ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ንግስት እንደ ልማዷ ስልክ ልትደውል ገብታ እጀታውን ልታነሳ ስትል፣ ወደ ሽቦው የሄደው የአቶ ላቀው እጅ ተወርውሮ ስልኩ ላይ አረፈ።

«ንግስት! እንዳትነኪው፣ መስመሩ ይቋረጣል!»

«ምነው ጋሽ ላቀው፣ እህቴን ጤና ይስጥልኝ ብዬ ልዘጋ እኮ ነው!»

«የልጄ ዕቃ መንገድ ላይ ነው! ከሕንድ ድረስ መጥቶ እዚህ ደጃፌ ላይ ልጣለው?»

ከዚያ በኋላ ስልኩን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ እጀታውን በሁለት እጃቸው ተጭነው ተቀመጡ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ምሳ አቀረቡ፤ አልተነሱም። ቢያጎርሷቸው ጎረሱ።

አመሻሹ ላይ ጌሙ ሙሉውን ገባ፤ የወሩ ሰዓትም አብራ አለቀች። ሲና ስትከፍተው መንገዱ የራሳቸው መንገድ ሆኖ ተገኘ። ከሳር ቤት ይነሳና ወደ ብስራተ ገብርኤል ይወርዳል፤ ጉድጓዱ እንኳ አልቀረም።

«እስቲ ልቀቂልኝ» አሉ አቶ ላቀው።

ነዱ ከተባለ ነዱ። ጉድጓዱን ሁሉ እየዞሩ፣ መኪናው ሁሉ ጥሏቸው እያለፈ።

«አባዬ፣ ውድድር እኮ ነው!»

«ይሂዱ። ማን ያባርረናል?»

መንገዱ የሚያልቀው የገዛ በራቸው ላይ ነበር። ራጉኤል ቤታቸውን አሳምሮ ሥሎታል። በጠራራ ፀሐይ የሳሎኑ አምፖል ቦግ ብሎ በርቷል፤ ለማን እንደተላከ ግልጽ ነው። ሲና ከንፈሯን ነክሳ የተለመደችውን ቃል ጠበቀች።

አቶ ላቀው መስኮቷን ብዙ አዩዋት።

«ተያት» አሉ፤ «ትብራ።»