ሰውን ሁሉ ለምርጫ የሚያዘጋጀው ኦቦ ጉታ

በየመሥሪያ ቤቱ ሰው ምሳውን በሰላም እንዳይበላ የተሾመ አንድ አስታዋሽ አለ። የስብሰባው ቀን፣ የለቅሶው መዋጮ፣ የክትባቱ ሰዓት በእሱ አፍ ካልተነገረ የተነገረ አይመስለውም። እዚህ አምቦ የእኛው ክቡር ሊቀ አስታዋሽ ኦቦ ጉታ ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ አፈር ያስተምራል፤ ያስተምራል እንኳን ማለት ይከብዳል፣ ይጨቀጭቃል።

የመራጮች ምዝገባ ሲጀመር ደግሞ ባሰበት። ኮሪደር ላይ ቀድሞ የሚጠይቀው ጤንነትህን አይደለም።

«መታወቂያህ ታድሷል? ማሎ፣ እባክህ፣ ቀበሌ ብቅ በል!»

ክፍል ሲገባም ከአፈሩ በፊት የምርጫ ካርድ ያልወሰደ እጁን እንዲያወጣ ያዛል። ሄቨን የምትባል ተማሪ አንድ ቀን ደፍራ «መምህር፣ ምርጫው እኮ ገና ነው» አለችው። «ምርጫው ገና ነው፤ ምዝገባው ግን ያልቃል» ብሎ ከጓደኞቿ ጋር ግቢ ውስጥ ወዳለው ጣቢያ ሸኛት። እኛ ሠራተኞች የምንመዘገበው በየቀበሌያችን ስለሆነ እኔ «ነገ» እያልኩ አመለጥኩት። ጎረቤቴ መሆኑን ረስቼ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬን አንኳኩቶ ጫማዬን እስካስር ቆሞ ጠበቀኝ። ካርዴን የወሰድኩት በሆዴ እየሰደብኩት ነው።

ይህም አልበቃውም። ድምፅ አሰጣጡን ካልተለማመድን ብሎ በመምህራን ክበብ ጥግ ላይ መጋረጃ ሰቀለ። ተወዳዳሪዎቹ ሽሮ፣ ምስርና ጥብስ ነበሩ። ወረቀቶቹ ሲቆጠሩ አንድ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ፈርሞ ማኅተም አድርጎበታል። ሌላው በቀይ እስክሪብቶ «ማብራሪያ ይጎድለዋል» ብሎ ከአሥር ስድስት ሰጥቷል። እኔ ለሽሮም ለጥብስም ምልክት አድርጌያለሁ፤ ሁለቱንም እወዳለሁ፣ ምን ላድርግ? ኦቦ ጉታ ወረቀቴን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ የሞተ ሰው ያየ ያህል አዘነ። «ባከነ! ይሄ ሁሉ ዲግሪ፣ አንድ ድምፅ አልወጣውም!» አለ። ምስር አሸነፈች።

በምዝገባው የመጨረሻ ቀን ምሳዬን ያለ አንዳች ጭቅጭቅ በላሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ሻዬን ስጠጣ ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። ሄቨንን አግኝቼ መምህርሽ የት ገባ ብላት «ለመስክ ሥራ ባኮ ወስዶን ነበር፤ ወባ ይዞት ተኝቷል» አለችኝ።

ብርቱካን ገዝቼ ቤቱ ሄድኩ። መድኃኒቱን ጀምሮ ትኩሳቱ ቀለል ብሎለታል፤ ጉልበቱ ግን የለም። ባለቤቱ ፈትለወርቅ በር ላይ ይዛኝ «ጉድ ልንገርህ?» አለች። «ከተማውን ሁሉ አስመዝግቦ ራሱ ካርድ የለውም!»

ገባኝ። ኦቦ ጉታ ተማሪዎቹን መስክ ይዞ ሲወጣ ሁሉም ሳይሳፈር እሱ አውቶቡስ ላይ አይወጣም። ምዝገባውንም እንደ አውቶቡሱ ቆጥሮ መጨረሻ ላይ ሊሳፈር ኖሯል። ጣቢያው ደግሞ አመሻሽ ላይ ይዘጋል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ተወው፣ የእኔ አንድ ድምፅ ምን አላት?» አለኝ። ይህን ከእሱ አፍ መስማት ከወባው በላይ አስፈራኝ።

«ተነስ!» አልኩት። ፈትለወርቅ መታወቂያውን አመጣች፣ እኔ ጋቢ ደረብኩለት፣ ጫማውን አሰርኩለት፣ ባጃጅ ጠራን።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ከፊት የቆሙት ሽንኩርት ነጋዴዋ አዴ ጉዴ ዞር ብለው አዩት። «ባለፈው ሳምንት ገበያ መሃል ተመዝገቢ እያለ ቃል እስክገባ የጨቀጨቀኝ ይሄ አይደል? ይለፍ!» አሉ። ሰዉ እየሳቀ መንገድ ለቀቀ። ለካ ያልጨቀጨቀው አልነበረም።

መዝጋቢዋ ደግፌው ስገባ ቀና ብላ «አንተ ምኑ ነህ?» አለችኝ። ባልደረባው ልል ነበር፤ አፌ ግን እሺ አላለኝም።

«ወንድሙ ነኝ» አልኩ።

ኦቦ ጉታ ለመዝገቡ አሻራ ጣቱን ቀለሙ ላይ እያሳረፈ፣ በደከመ ድምፅ «ታናሽ ወንድሜ ነው» ብሎ አረመኝ።

በዕድሜ እበልጠዋለሁ። ቢሆንም አላረምኩትም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።