የቄስ ወልደአማኑኤል ሦስት ነጥብ

«በአጭሩ ልናገር» ብሎ በአጭሩ የተናገረ ሰባኪ እስከ ዛሬ አልተወለደም። በአዋሳ የዚህ ዘር አለቃ የፕሬስቢቴሪያኑ ቄስ፣ የነገረ መለኮቱ ሊቅ፣ ክቡር ወልደአማኑኤል ነበሩ። ለሁሉም ነገር ሦስት ነጥብ አላቸው። «እንደምን አደሩ?» ያላቸው ሰው አለቀለት፤ አንደኛ አዳራቸውን፣ ሁለተኛ አዳሪውን፣ ሦስተኛ አሳዳሪውን ሲተነትኑለት ፀሐይ አናቱ ላይ ትወጣለች።

ጎረቤታቸው ብርቅዬ የማርያም ማኅበርተኛ፣ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበረች። የስኳር ሰልፍ ላይ ከኋላቸው ከቆመች ቀኗ ተበላሸ ማለት ነው። የቀበሌው ባለሱቅ ኑሪ «ስኳር አልቋል» ሲላቸው፣

«ማለቅ ሲባል፣ ኑሪ፣ ሦስት ነጥብ አለኝ» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ሁለቱን ለነገ ያቆዩልኝ!»

በ1971 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸው ታሸገ። እሳቸውም የቀበሌው አዳራሽ፣ ሕዝብ ፊት ተጠሩ።

«አቶ ወልደአማኑኤል» አለ ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን እየመታ፣ «በየቤቱ ተደብቀው የሚጸልዩትን ስም ያስመዝግቡ። እምቢ ካሉ እስር ቤት ቅርብ ነው።»

አዳራሹ ቶሎ እንደማያልቅ ስላወቀ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ብርቅዬም ወረቀቷ ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብላ አስቀድማ ጻፈች። ግን ልጇን ያዋለደቻት ታቢታ ከሚጸልዩት አንዷ ናት። ያ ሁሉ ቃል ሲፈስ የታቢታ ስም ቢያመልጣቸውስ? የምትጽፈው እኮ እሷው ናት!

ቄሱ ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አልናገርም» አሉና ተቀመጡ።

ብርቅዬ ክው አለች። አዳራሹም ክው አለ። ሊቀ መንበሩ ራሱ ግራ ገብቶት «ሌላውስ?» አለ።

«ሌላ የለኝም።»

ሁለተኛውና ሦስተኛው ባዷቸውን ቀርተው ቃለ ጉባኤው ተፈረመ። ቄሱ ተወሰዱ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተፈቱ። ብርቅዬን ያስደነገጣት ክሳታቸው አልነበረም፣ ሽበታቸውም አልነበረም። ዝምታቸው ነው። ኑሪ «ስኳር አልቋል» ቢላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ዞሩ። ኑሪ አላመነም።

«ጋሼ፣ ስኳር እኮ አልቋል!»

ቄሱ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ጸጥታ ስትመኝ የኖረችው ብርቅዬ፣ ሰልፉ ረዘመባት። ወር ታገሠች። አንድ ጠዋት ግን አላስቻላትም። ሰልፉን የሚያስከብረው አብዮት ጠባቂ ራቅ እስኪል ጠበቀችና፣ የነነዌን ጾም አንድ ዓመት እንኳ አጓድላ የማታውቀው ሴት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፦

«ዮናስ በዓሣው ሆድ አርባ ቀን ሲቀመጥ ምን እየበላ ነበር ይሆን?»

ሰልፈኛው ትንፋሹን ዋጠ። ቄሱ ቀስ ብለው ዞሩ።

«አርባ? ማነው አርባ ያለሽ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ፣ እንደዚያ ነው የሰማሁት።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስሚኝ ብርቅዬ፣ ሦስት ነጥብ አለኝ። በአጭሩ!»

ኑሪ ሱቁን ከፈተ፤ ያን ቀን ስኳርም ነበረ። ብርቅዬ ተራዋን ከኋላዋ ለቆመችው ለታቢታ ለቀቀችና፣ ዘንቢሏን አጥፋ ልትሰማቸው ደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።